የ49 ሚሊ ሜትር እሮሮ

አሮጌ ሌንስ ያለው ሰው ደሴ ፒያሳ ወጥቶ ፊልተር ልግዛ ሲል የሚገጥመውን እኛው ነን የምናውቀው። ሄሊዮስ 44-2 ይዘህ ትገባለህ። ሻጩ ሌንሱን ይቀበልህና የፊቱን ቀለበት ወደ መብራቱ አዙሮ ያነባል። «58 ይላል» ብሎ የ58 ፊልተር ያወጣልሃል። ኧረ 58 የትኩረት ርቀቱ ነው፣ የፊልተሩ ጥርስ 49 ነው ብትለው፣ «ወንድሜ፣ ይኸው ተጽፎ የለ እንዴ!» ይልሃል። ከተጻፈ ነገር ጋር ምን ክርክር አለ? ሰውየውም አይፈረድበትም። ከተማው የካኖን 18-55 ከተማ ነው፤ የእሷ ፊልተር እውነትም 58 ነው፣ የኒኮኗ ደግሞ 52። «አዲስ አበባ አይጠፋም» ተብለህ አዲስ አበባ ስታፈላልግ «52 ግዛና በመሸጋገሪያ ቀለበት አስገባው» ትባላለህ። ቀለበቱስ? እሱ የለም።

እነዚህን ሌንሶች ስንቱ ሶቭየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ ከዜኒት ካሜራው ጋር በሻንጣ ይዟቸው ገባ። ካሜራው ከፊልሙ ጋር ጡረታ ወጣ፤ ሌንሱን ግን ልጆቹ ከሣጥን አውጥተው ዲጂታል ላይ ገጥመው ይሠሩበታል። መለዋወጫ የሌለው ዕቃ ነውና ይሳሱለታል፤ ከፊቱ ፊልተር ገጥመን እንጠብቀው የሚባለውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ጥበቃው ከአገሩ አየር ጋር አልስማማ አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ መንገድ ነው። የደሴው ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ባደረበት ጠዋት ቦርሳህን ይዘህ የሐረጎን ቁልቁለት ትወርዳለህ፤ ኮምቦልቻ ሠርግ ቤት ስትደርስ ብርድ የጠጣው ሌንስ ሙቀቱ ሲያገኘው ያልበዋል። ሙሽራዋ ከመኪና እየወረደች ነው፣ ያንተ መስታወት ነጭ ነው። ይሄኔ አንዲት ደግ እናት ብቅ ይላሉ፦ «አምጣ ልጄ፣ ልጥረግልህ!» የነጠላቸውን ጫፍ ምራቅ ነካ አድርገው። በመንገዱ ከባድ መኪና ያነሳው አቧራ ገና ከላዩ ላይ አለ እኮ፤ ያ ደቃቅ አሸዋ የአሮጌውን ሌንስ ስስ ሽፋን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይልገዋል። እምቢ ማለትም ነውር፣ መስጠትም ጥፋት።

ፊልተር ያለው ይገላገላል? ፊልተሩ በውስጥም በውጭም ያልበዋል። የውስጡን ለማድረቅ መፍታት አለብህ፣ እሱ ደግሞ ተጣብቋል። አሉሚኒየም ከአሉሚኒየም ጋር ተነክሶ፣ ዙሪያውን አጥብቀህ በያዝኸው ቁጥር ቀለበቱ ይጣመምና ይብስ ይነክሳል። ላስቲክ ጠቅልለህ በቀስታ ማዞር ሲቻል አንዱ ጉጠት ይዞ ይመጣል። ጉጠት! ከዚያ በኋላ ያ ጥርስ ፊልተርም ሌላም ነገር አይቀበልም።

ደግሞ «ፊልተር አድርጌበታለሁ» ብለው ሌንሱን በቆዳ ቦርሳው ቆልፈው ክረምቱን ሙሉ የሚያስቀምጡት አሉ። የደሴ ሐምሌና ነሐሴ ቆዳውን ያረጥበዋል፣ ሻጋታውም ከውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ይዘረጋል። ፊልተር ከፊት ነው የሚቆመው፤ ከውስጥ የሚበቅለውን ምን ያደርገዋል? ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምንጥላት የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ከእሱ ይልቅ ትጠቅማለች።

እኔ የሚያናድደኝ ግን የሁዱ ነገር ነው፤ ያ ከሌንሱ ፊት የሚገጠመው ጥቁር መከለያ። አሮጌ ሌንስ ፀሐይ ከጎን ስታገኘው ምስሉ ነጥቶ ይደበዝዛል፤ ርካሽ ፊልተር ሲጨመርበት ይብሳል። ሽፋን የሌለው መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ ከሚደርሰው ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፣ ፊልተር ደግሞ ሁለት ገጽ አለው። መስከረም 21 ግሸን ማርያም ሌሊት ጧፍ ያነሳ ሰው ያውቀዋል፤ አንዱ ጧፍ ፎቶው ላይ ሁለት ሆኖ ይወጣል፣ ሁለተኛው በሰማይ ተንጠልጥሎ። ሁድ ግን ይህን አያመጣም፤ የጎን ብርሃኑን ይከለክላል፣ በግርግሩ መሀል ክርን ቢመጣም ቀድሞ እሱ ይመታል።

ይኸው ሁድ ነው የማይገኘው። የተገኘውም የ135 ሚሊ ሜትር ረጅሙ ይሆንና የ28 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ላይ ሲገጠም አራቱን ማዕዘን ያጠቁረዋል። ልኩን አግኝተህ ገጥመህ ብትወጣ ደግሞ ሌንሱ ግዙፍ መስሎ «ጋዜጠኛ ነህ? ፈቃድ አለህ?» የሚልህ ጥበቃ አይጠፋም። በስልኩ ጎንህ ቆሞ ያንኑ የሚቀርጸውን ግን ማንም አይጠይቀውም።

ለእኔ ሁድ ሁልጊዜ፣ ፊልተር ለኮምቦልቻ አቧራ ብቻ፤ ሲመሽ ይውለቅ። የድሮ ፎቶ ቤት የነበራችሁ፣ ወይም ከአባት የወረሳችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ መሳቢያችሁ ውስጥ ያሉትን ዝገት የነካቸው ቀለበቶች «ቁርጥራጭ ብረት ነው» ብላችሁ ለቁራሌው አትስጡብን። 49 የሚል ካለባቸው ገዢው እኛ ነን።