ቤቶቹ እኛ ነን፦ የሰርቪስ ቤቶች ጉብኝትና የተከራይ ጽዳት አዋጅ

ስማ ስማ ተሰማማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከቧንቧው ወዲህ፣ ከሽንት ቤቱ ወዲያ ያለህ ተከራይ ሁሉ ስማ! ነጋሪት ስለሌለን ከ2ኛ ክፍል የተዋስነው የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ተገልብጦ በማማሰያ ሦስት ጊዜ ተጎስሟል። «አልሰማሁም» ማለት አይቻልም። የግድግዳችንን ውፍረት እናውቀዋለን፤ እኛ የእናንተን ሹክሹክታ እየሰማን እናንተ የእኛን ሳፋ እንዴት ታጡታላችሁ?

ሞዐ ተከራይ ዘእምነገደ ባለካርታ፣ እትዬ ቀዳማዊት፣ ንግሥተ ግቢ፣ የአራት ሰርቪስ ክፍል፣ የአንድ ቧንቧ፣ የአንድ ሽንት ቤትና የአንድ ቆጣሪ ባለቤት፤

መግቢያ

መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ፣ ጭማሪውም በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው ልክ ይሁን ብሎ እጃችንን ሲያስር ዓይናችንን ሳያስር የተወው በመሆኑ፤

ኪራይ እንደ ልቡ መጨመር የተከለከለ አከራይ ጉብኝት ከመጨመር ሌላ መጽናኛ የሌለው በመሆኑ፤

በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 «ትርፍ ቤት» የሚባል ነገር ሲወረስ የአባታችን ሁለት ቤቶች አብረው ስለሄዱ፣ ትናንት «አባባ» ይላቸው የነበረው ተከራይም ኪራዩን ለቀበሌ መክፈል በጀመረ ማግስት «ጓድ» ብሎ ሲጠራቸው በጆሯችን ስለሰማን፣ ከዚያ ወዲህ ተከራይ ተረጋግቶ ሲቀመጥ ባየን ቁጥር ሆዳችን የሚሸበር በመሆኑ፤

አዋጅ ሁልጊዜ በእኛ ላይ ሲታወጅ እንጂ በእኛ ሲታወጅ አይተን ስለማናውቅ፣ አንድ ጊዜ እንኳ በተራችን ማወጅ አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፤

በይዞታ ማረጋገጫ ካርታችን መሠረት የሚከተለው ታውጇል።

ክፍል አንድ፦ ጠቅላላ

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የሰርቪስ ቤቶች ጉብኝትና የተከራይ ጽዳት አዋጅ ቁጥር 1» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ተከራዮች በጓዳ ያወጡለትን ሌላ ስም ሰምተናል፤ እሱ አይጠቀስም።

2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ ቢያሰጠውም እንኳ፣ በዚህ አዋጅ ውስጥ፤

1) «ተከራይ» ማለት ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን የሚወደድ፣ በቀሩት 29 ቀናት የሚጠረጠር ሰው ነው፤

2) «ንጹሕ ክፍል» ማለት ሰው የማይኖርበት የሚመስል ክፍል ነው፤

3) «ቆሻሻ» ማለት ያደረ ብርጭቆ፣ ያልታጠፈ ብርድ ልብስ፣ የቁሌት ሽታ፣ የሕፃን ሽንት ጨርቅና ሌላ ማንኛውም የኑሮ ምልክት ነው፤

4) «እንግዳ» ማለት ቡና ተጠርቶ የመጣና ከበረካ በኋላ ያልወጣ ሰው ነው። አቦል ላይ ዘመድ፣ ቶና ላይ ጎረቤት ተብሎ ይታለፋል፤ ከበረካ በኋላ ግን ደባል ነው፤

5) «ጉብኝት» ማለት ባለቤት የራሱን ቤት ማየቱ ነው። «ፍተሻ» የሚለው ቃል በግቢው ውስጥ ክልክል ነው፤ ያስከፋል።

በዚህ አዋጅ በወንድ ጾታ የተገለጸው ሴትንም ይጨምራል፤ በተለይ ብቻዋን የምትኖረውን።

ክፍል ሁለት፦ ስለ ጉብኝት

3. አገባብ

1) ሰው ቤት ሲኬድ ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ መጣራት የአገር ወግ ነው። ይህ ወግ ግን ለእንግዳ የተሠራ ነው። እኛ «ቤቶች» ብንል ማን ሊመልስልን ነው? ቤቶቹ እኛ ነን። ስለዚህ ጉብኝት ያለ ጥሪ ይፈጸማል።

2) በሩ ከውስጥ ከተቀረቀረ ጉብኝቱ በመስኮት ይጀምራል። መጋረጃ መስቀል ተፈቅዷል፤ መዝጋት ግን ምን የሚያስደብቅ ነገር እንዳለ በጽሑፍ ማስረዳትን ይጠይቃል።

3) ተከራይ ሥራ በዋለበት ጊዜ መለዋወጫው ቁልፍ ተከራዩን ወክሎ ይገኛል።

4. ጊዜ

1) መደበኛ ጉብኝት ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ያን ጊዜ ተኝቶ የተገኘ ሰነፍ፣ ተነሥቶ የተገኘ ደግሞ ምን ሊሠራ እንደተነሣ የሚጠየቅ ይሆናል።

2) ድንገተኛ ጉብኝት ከክፍሉ ሳቅ ሲሰማ ይደረጋል፤ ሳቅ ሳይሰማ ሲቀርም ይደረጋል።

3) ጳጉሜን ኪራይ የማይከፈልባት ወር ናት። በእነዚያ 5 ቀናት፣ በአራት ዓመት አንዴም በ6ቱ፣ ተከራይ የእኛ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ በር አይዘጋም።

5. የጉብኝት ምክንያት

ጉብኝት ያለ ምክንያት አይደረግም። የሚከተሉት በቂ ምክንያቶች ናቸው፤ «ስኳር ልዋስ ብዬ ነው»፣ «ውሃ መጥታለች ልልሽ ነው»፣ «ድመቷ ገብታ እንዳይሆን»፣ «የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ»። የተዋስነው ስኳር እንደማይመለስ ሁሉ የሸተተንም ነገር አይገኝም። የሁለቱም ጉዳይ በዚሁ ተዘግቷል።

6. ስለ ደላላ

ደላላ ቤት ፈላጊ ይዞ ሲመጣ ተከራይ ምሳውን እየበላም ቢሆን ክፍሉን ያሳያል። ፈላጊው ፍራሹን ቢጫን፣ ቁም ሳጥኑን ቢከፍት፣ «እዚህ ጋ ሶፋ ይገባል» ቢል ተከራዩ ማጉረስ እንጂ ማጉረምረም አይፈቀድለትም። «እኔ መች ልወጣ ነው አልኩ?» ብሎ መጠየቅ የደላላን ሥራ እንደማወክ ይቆጠራል።

ክፍል ሦስት፦ ስለ ጽዳት

7. መለኪያ

1) አቧራ የሚለካው በእኛ የቀኝ እጅ ሌባ ጣት ነው። ጣታችን ከጉብኝቱ በፊት ንጹሕ ስለመሆኑ ማስረጃ አይጠየቅም።

2) ወለል በየቀኑ በውሃ ይወለወላል። የግቢው ቧንቧ ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ይከፈታል፤ ቁልፉም በነጠላችን ጫፍ ተቋጥሯል። እነዚህን ሁለት ድንጋጌዎች ማስታረቅ የተከራይ ኃላፊነት ነው። ጀሪካን ደርድሮ የተገኘ «ግቢ አጨናናቂ»፣ ጀሪካን የሌለው ደግሞ «የማይታጠብ» ተብሎ ይመዘገባል።

3) ሽንት ቤት በተራ ይጸዳል። አራት ክፍል አለ፤ ተራውም አራት ነው። ዋናው ቤት የሚኖሩ ሰባት ሰዎች ሽንት ቤቱን የሚጠቀሙት አልፎ አልፎ፣ በየቀኑ ብቻ ስለሆነ ተራ አልወጣላቸውም።

8. ስለ ሣጥንና ሚስማር

1) በ1ኛ ክፍል፣ በአስተማሪው አልጋ ራስጌ የተቀመጠው የእናታችን ሣጥን ባለበት ይቆያል። ሣጥኑ የእኛ ነው፤ ሣጥኑ ላይ ያለው አቧራ ግን የአስተማሪው ነው። ሣጥኑን መክፈት፣ ማንሣትና መጽሐፍ ማስቀመጫ ማድረግ ክልክል ነው። ደህንነቱን ለማረጋገጥ በሳምንት ሦስት ቀን እንገባለን።

2) ግድግዳ ላይ ሚስማር መምታት የተከለከለ ነው። አሁን ያሉት 11 ሚስማሮች እኛ የመታናቸው ስለሆኑ ቅርስ ናቸው።

3) ለአዲስ ገቢ «ቤት ለእንቦሳ» የሚል ወዳጅ ቢመጣ «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ መመለስ ተፈቅዷል። እንቦሳ ማሰር ግን፣ ድመትንም ጨምሮ፣ በጥብቅ የተከለከለ ነው።

9. ስለ 3ኛ ክፍል ጫማ የተሰጠ ልዩ ድንጋጌ

1) የ3ኛ ክፍል ተከራይ ነርስ ናት። ሌሊት ተረኛ ስትሆን አድራ ትገባለች፤ እኛም ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ፣ እንቅልፍ እንደወሰዳት፣ ጎብኝተናታል። ነጭ ጋዋኗ በባልዲ ተነክሯል፣ ምድጃዋ ተወልውሏል፣ ወለሉ ላይ ፊት ይታያል። በሩ ሥር ግን ቁጥር 42 የወንድ ጫማ ተገኝቷል።

2) በጉዳዩ ላይ የሦስት ሳምንት ክትትል ተደርጓል። ጫማው ሲገባም ሲወጣም አልታየም። አፍንጫው ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ነው። ማሰሪያው አንድ ቀን እንኳ አልተፈታም። በሁለተኛው ሳምንት ግራው ውስጥ ሸረሪት አድርታለች።

3) ተከራይዋ ተጠርታ ስትጠየቅ አንገቷን ደፍታ «እትዬ፣ ብቻዬን መሆኔን ሰው እንዳያውቅብኝ ከመርካቶ አሮጌ ጫማ ገዝቼ ነው» ብላለች። መልሱ ልብ ይነካል፤ ነክቶናልም። ነገር ግን ውል ስትገባ «ብቻዬን ነኝ» ብላ ስለነበር፣ ጫማው እንደ አንድ ሰው ተቆጥሮ የውሃ እንዲከፍል ተወስኗል።

4) ጫማው ወንድ መሆኑን የሰማው ሌባ ይፍራ። እኛ ግን አንፈራም፤ ቁልፍ አለን።

10. ስለ ላይና ታች

1) ጉብኝት ወደ ታች የሚደረግ ነው። ወለል፣ ከአልጋ ሥር፣ ከምድጃ ኋላ ይታያል። ከሰው ቁመት በላይ ያለው ነገር፣ ኮርኒስና ጣራን ጨምሮ፣ ከዚህ አዋጅ የተፈጻሚነት ወሰን ውጭ ነው።

2) ባለፈው ሐምሌ 2ኛ ክፍል ስንገባ አልጋው ከግድግዳ ተነቅሎ መሐል ወለል ላይ ቆሞ አገኘነው። በግራው ሳፋ፣ በቀኙ ድስት። በሁለቱ መካከል አራት ወር ያልሞላው ሕፃን ተኝቷል። ድስቱ «ጠብ» ይላል፣ ሳፋው ቆይቶ «ጧ» ይላል፣ እናትየው ድምፁ እንዳይቀሰቅሰው ሳፋው ውስጥ ጨርቅ ታነጥፋለች። «እትዬ፣ እስቲ ቀና ብለው ይዩልኝ» አለችን።

3) ቀና አላልንም። በመዝገባችን ላይ «ዕቃ ማዝረክረክ፣ አልጋ ያለ ፈቃድ ማንቀሳቀስና ድስትን ካለ ግብሩ ማዋል» ብለን ጽፈን ወጥተናል።

4) ግድግዳ ላይ የሚወጣ ሻጋታ የሚመጣው ተከራይ አብዝቶ በመተንፈሱ ነው።

ክፍል አራት፦ ልዩ ልዩ ድንጋጌዎች

11. ከሌሎች ሕጎች ጋር ስላለው ግንኙነት

1) የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ማንኛውም ሰው የግል ሕይወቱ እንዲከበር፣ መኖሪያ ቤቱም እንዳይመረመር መብት አለው ይላል። አንቀጹን የ1ኛ ክፍል አስተማሪ በር ላይ ለጥፎት አንብበነዋል። «መኖሪያ ቤቱ» የሚለው ቃል ከባድ ጥያቄ አስነሥቷል፤ የማን? ኪራይ የከፈለው «ቤቴ» ይላል፣ ካርታ የያዘው «ቤቴ» ይላል። አስተማሪው «የእርስዎ ንብረት ነው እትዬ፣ የእኔ ግን ቤት ነው» ሲል መልሷል። ነገሩ ስላልገባን ወረቀቱን በሚስማር ሳይሆን በሊጥ መለጠፉን ብቻ አመስግነናል።

2) አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተከራይን ያለ ሕጋዊ ምክንያት ከውሉ ጊዜ በፊት ማስወጣትን ይከለክላል። እኛም አናስወጣም። ተከራይ በየቀኑ ተጎብኝቶ፣ አልጋው ሥር ታይቶ፣ ጫማው ተቆጥሮ፣ አንድ ቀን ራሱ በገዛ ፈቃዱ ፒክአፕ ቢጠራ ግን ሕጉ ምን ይላል? «በሰላም ሂድ» ይላል። የጉብኝት ጥበቡ ይኸው ነው።

12. ቅጣት

ይህን አዋጅ የተላለፈ፤ በመጀመሪያ ሰላምታ ይነፈገዋል፤ በሁለተኛው ምሽት ላይ ቆጣሪው «ይወድቅበታል»፤ በሦስተኛው «ልጃችን ከአሜሪካ ሊመጣ ነው» የሚል ማስታወቂያ ይደርሰዋል። ይህ ልጃችን እስከ ዛሬ ስድስት ተከራይ አስለቅቋል። እሱ ራሱ ግን ገና አልተነሣም።

13. የጥገና አቤቱታ

1) ጣራ፣ ቧንቧ፣ ኮርኒስ ወይም የሽንት ቤት በር ይጠገንልኝ የሚል ተከራይ ወደ ዋናው ቤት መጥቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ደጅ ቆሞ በአገር ወግ «ቤቶች!» ብሎ ሦስት ጊዜ ይጣራ። መጋረጃ ገልጦ ማየት ነውር ነው፤ የሰው ቤት ነው።

2) ከሦስተኛው ጥሪ በኋላ መልስ ካጣ ቤቶቹ የሉም ማለት ነው። ቅዳሜ ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል ይመጣሉ።

14. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

1) ይህ አዋጅ ሳፋው ከተጎሰመበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል።

2) የ2ኛ ክፍል ተከራይ ሰማዩን እያየች «ሳፋዬን መልሱልኝ» ብላለች። ለጊዜው አዋጁ ላይ ስላለ ልንሰጣት አልቻልንም። ሳፋው እስኪመለስ ድረስ ጣራው እንዳያፈስ ታውጇል።