ይድረስ ለ«እንትን» ፊልም ዳይሬክተር

ለአቶ ስቲቭ አንደርሰን
ካሉበት፣ አሜሪካ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠሩትን የ93 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም አይቼ ከመጨረሴ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

የፊልሙን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ስሙም ወሬውም አንዲት የእንግሊዝኛ የብልግና ቃል ናት። ቃሏ በእናንተ ፊደል አራት፣ በእኛ ሁለት ብቻ ናት፤ ብታጥርም ሰው ፊት አትወጣም። ለእንዲህ ያለ ጭንቅ እኛ «እንትን» የምትባል ባለውለታ አለችን። የጠፋብንንም ስም፣ ያፈርንበትንም ነገር ትሸፍንልናለች። ፊልምዎንም በእሷው ጠርቼዋለሁ።

የሰው ችግር አልነበረብዎትም። ኮሜዲያኑ ቢሊ ኮኖሊ አለ፣ ራፐሩ አይስ ቲ አለ፣ ደራሲው ሃንተር ቶምሰን አለ፤ የቢል ፕሊምፕተን ካርቱንም ታክሎበታል። ግን ምን ዋጋ አለው! አንዱ መብታችን ነው ይላል፣ ሌላው ልጆቻችን ተበላሹ ይላል፤ ልክ እንደ እድር ስብሰባ ሁሉም ተናግሮ ማንም ሳይሰማ ይበተናል። ቃሏ ከ800 ጊዜ በላይ ተጠርታለች። እስከ ሃያኛው ደነገጥኩ፣ እስከ ሃምሳኛው ሳቅሁ፣ ከዚያ ሻይ ጥጄ መጣሁ። ስመለስ አሁንም እዚያው ናችሁ። ዘፋኙ ፓት ቡን ብቻ አንጀቴን አራሰው፤ ሲናደድ በእሷ ፈንታ «ቡን!» እያለ የገዛ ስሙን ይጠራል አሉ። የ«እንትን» ዘመድ!

ደጃፍዎ ላይ ደግሞ ምን የመሰለ ታሪክ ነበረልዎ። እ.ኤ.አ. በ1968 ፖል ኮሄን የተባለ ወጣት፣ የቬትናም ዘመኑን የግዳጅ ምልመላ በዚችው ቃል የሚሰድብ ጃኬት ለብሶ ሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ኮሪደር ውስጥ ተገኘና 30 ቀን እስራት ተፈረደበት። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሰብሳቢው ዳኛ ዋረን በርገር ጠበቃውን ፍሬ ነገሩን እናውቀዋለን፣ ዝርዝር ውስጥ አይግቡ አሉት፤ በጨዋ ደንብ ቃሏን እንዳትጠራት ማለታቸው ነው። ጠበቃው ሜልቪል ኒመር ግን ጠራት። ቢውጣት፣ ጨርሶ የማትባልበት ቦታ እንዳለ ማመኑ ነዋ! በ1971፣ 5 ለ 4 ረታ።

አንድ ጃኬት፣ አንዲት ቃል፣ ዘጠኝ ዳኛ። የእርስዎ 800 ግን ሻይ ከማስጣድ አላለፈም።

ክፍል ሁለት ካሰቡ እባክዎ ቃሏን አንዴ ብቻ ያስጠሯት። እኔም ሻዬን ቀድሜ አፍልቼ፣ ሳልነሳ አይልዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
አንድ ተመልካች