ውሃ እንዳይነካው

ቅዳሜ ጠዋት አሶሳ ውስጥ፣ ማንጎ ጥላ ሥር ሦስት ጎልማሶች ተንበርክከው ብታዩ ጸሎት ላይ ናቸው እንዳትሉ። መሐላችን ሆድ ዕቃዋ የተዘረገፈ አሮጌ ባለ ሁለት ገንዳ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለች። አንዱ ካቻቢቴ ይዟል። አንዱ በጠራራ ፀሐይ የስልኩን መብራት አብርቶ ወደ ሞተሯ ያጮልቃል። ሦስተኛው፣ ማለትም እኔ፣ ቡሎንና ዳዶውን በወዳጃችን ባለቤት ረከቦት ላይ በየቁመቱ እደረድራለሁ። ከእኛ ስድስት እርምጃ ያህል ፈንጠር ብላ አንዲት ሴት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሁለት ሳፋ ከፊቷ ደቅና፣ ባለፈው ቅዳሜ በግራሶ ያጨማለቅነውን ሱሪ ታሻለች።

ይህ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያችን ነው። የእኛን ማለቴ ነው፤ የእሷ ትርፍ ጊዜ የት እንደሚገኝ አላውቅም።

ጥገና ነው የሚሉን አሉ። ስድብ ነው። ጥገና ዕቃው የሚያስፈልገው ሰው የሚያሠራው ተራ ነገር ነው፤ ሠሪው ሁለት ሰዓት ይደክማል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። የእኛ እድሳት ነው። የፋሲል ግንብ ሲታደስ «ንጉሡ ዛሬ ማታ ስለሚገቡበት ቶሎ በሉ» ብሎ የሚያጣድፍ አለ? የለም። እኛም ሁለተኛ ዓመታችንን ይዘናል።

ደግሞ ብቻችንን አይደለንም። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ሊ ማክስዌል የተባሉ ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ምህንድስና መምህር ከ1 ሺህ በላይ አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች ሰብስበው፣ አድሰው፣ ሙዚየም አቁመዋል። ይህን ስንሰማ ወዳጃችን (የማሽኗ ጌታ) እንባ ሊተናነቀው ምንም አልቀረውም። «አየህ፣ ፕሮፌሰር ነው!» አለ። ባለቤቱ ከማድ ቤት ሆና «ለመሆኑ የሰውዬውን ልብስ ማን ያጥብለታል?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄው ከታሪክ ጥናት ጋር የማይሄድ ስለነበር አለፍነው። በኋላ ብቻዬን ሳስበው ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። ለካ ሺህ አሮጌ ማሽን የሚወድ ሰው ሺህ አንደኛዋ፣ አዲሷና የምትሠራዋ፣ ቤቱ ውስጥ በጸጥታ እየዞረችለት ነው። እኛ ከመጀመሪያዎቹ ሺህ አንዷን ይዘን ሺህ አንደኛዋን ዘለልናት። የእኛ ሺህ አንደኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

የማሽኗን የዘር ሐረግ በተመለከተ ሊቃውንቱ ተከፋፍለዋል። አንደኛው ወገን በኩርሙክ በኩል ከሱዳን ገብታለች ይላል። ሁለተኛው ወገን ድሮ አንድ የውጭ ድርጅት ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ ከወንበርና ከማቀዝቀዣ ጋር ተጭና ወጥታለች ባይ ነው። የፊቷ ጽሑፍ ስለተፋቀ ስሟን የሚያውቅ የለም። ቀለሟ ላይ ብቻ ሦስት ሳምንት ተጨቃጨቅን፤ ነጭ ናት፣ የለም ክሬም ናት። በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን ብናይ ከነጩ ሥር አረንጓዴ ወጣ። ያን ቀን ቢራ አስመጣን።

ቋንቋችንም ተለውጧል። ማሽኗን «እመቤቴ» እንላታለን። ልብስ የምታጥበውን፣ የሦስት ልጆች እናት የሆነችውን ሴት፣ «ልጅቷ» እንላታለን። የእመቤቴ ኩሽኔታ ትንሽ ሲጥ ሲጥ አለ ተብሎ አንድ ወር ሙሉ ጆሯችንን ሆዷ ላይ ለጥፈን አዳመጥን፤ ከላይ ነው፣ ከታች ነው፣ ቺንጋው ነው። ሴትየዋ በበኩሏ ወገቧን ይዛ ከበርጩማው ስትነሳ አንድ ድምፅ ታሰማለች። ሦስታችንም ሰምተነዋል። ከየት በኩል እንደሆነ ግን የጠየቀ የለም፤ መለዋወጫም አይገኝለትም።

የመለዋወጫ ነገር ከተነሳ፣ የሞተሯ ካፓሲተር ሞቶ ነበር። አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። አንድ ዘመድ መርካቶ፣ ሚናለሽ ተራ ገብቶ፣ ከብረት ክምር መሐል እህቷን የምትመስል ማሽን ፈልጎ፣ ካፓሲተሩን አስነቅሎ፣ በነቀምት በኩል በሚመጣ መንገደኛ እጅ ላከልን። የወጣውን ገንዘብ ለባለቤቱ አልነገርንም። በዚያው ሳምንት ሴትየዋ «ጋሼ፣ ኦሞ አልቋል» ስትል ወዳጄ ግንባሩን ቋጥሮ «ባለፈው ሳምንት ተገዝቶ አልነበረም እንዴ? ትበትኑታላችሁ እንጂ!» አላት። ኑሮ ተወዷል፤ መቆጠብ ያስፈልጋል።

አሁን ማሽኗ እንዴት እንደምትሠራ ላስረዳ፤ ለዚህ ነው የኖርነው። አንደኛው ገንዳ ሰፊ ነው፤ ከሥሩ የሚሽከረከር ሳህን አለ፣ ልብሱን ከውሃውና ከሳሙናው ጋር ወዲያ ወዲህ ያንገላታዋል። ሁለተኛው ጠበብ ያለ ነው፤ ልብሱን በደቂቃ ከ1 ሺህ ጊዜ በላይ እያሽከረከረ ይጨምቀዋል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዛውረው የሰው እጅ ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖቹ ይዘውት የወጡት ቤንዲክስ የተባለው ራሱን የቻለ ማሽን ይህን የእጅ ሥራ አስቀርቷል፤ ነገር ግን ሲዞር ቤቱን ስለሚያናውጥ በቡሎን ከወለል ጋር ማሰር ግድ ነበር። የእኛዋ ትሑት ናት። ቧንቧም አትጠይቅም፤ በባልዲ ትሞላለህ፣ ስትጨርስ በጎማዋ ታፈሳለህ። ውሃ በበርሜል ለሚያጠራቅም ሰፈር የተፈጠረች ናት ማለት ይቻላል። ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ግን በስብሰባችን ላይ አናነሳውም።

እንዲያው ነገሩን ካነሳነው ባለ ሁለት ገንዳ ለዚህ ክልል አዲስ አይደለም። የበርታና የጉሙዝ ሴቶች ዘንግ በትከሻቸው አጋድመው፣ ዳርና ዳር ዕቃ አንጠልጥለው ሲሄዱ ያላየ የለም። ሁለት ጀሪካን፣ አንድ ትከሻ፤ ካፓሲተር አይፈልግም፣ ቮልቴጅ አያቃጥለውም፣ ከሠራ ስንት ዘመኑ። ያንን ለማደስ ማኅበር ያቋቋመ ወንድ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ቮልቴጅ ስል ትዝ አለኝ፤ ምክንያታችን እሱ ነው። መብራት ሲጠፋ «ይኸው፣ እንዴት ተደርጎ ይሠራባታል?» እንላለን። መብራት ሲመጣ «ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሞተሯን ይበላብናል» እንላለን። ክልላችን ለዚህ ሰበብ ምቹ አልሆነልንም እንጂ። እዚሁ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ጉባ ላይ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ 13 ተርባይን፣ 5,150 ሜጋ ዋት፣ 74 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር የሚይዝ ሐይቅ። ዓባይን የሚያህል ውሃ 13 ግዙፍ ብረት ሲያሽከረክር፣ እኛ አንዲት የሳፋ ያህል ገንዳ ላለማሽከርከር ሁለት ዓመት ታግለናል። ትግሉ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ሃንስ ሮስሊንግ የተባለው ስዊድናዊ ሐኪምና የዓለም አቀፍ ጤና መምህር በ2010 እ.ኤ.አ. ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ንግግር አድርጎ ነበር። የዚያን ጊዜው የዓለም ሕዝብ ወደ 7 ቢሊዮን ነው፤ በሰውየው ስሌት ማሽን የሚያጥብለት 2 ቢሊዮኑ ብቻ ነው። የቤተሰቡን የመጀመሪያ ማሽን ሲያስታውስ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ በእንጨት አሙቃ በእጇ ስታጥብ የኖረችው አያቱ ቁልፉን ራሴ ካልተጫንኩ ብላ እንደጠየቀች፣ ከዚያም ከማሽኑ ፊት ወንበር ስባ አጠባው እስኪያልቅ ቁጭ ብላ እንዳየች ይናገራል። እናቱ ደግሞ በተረፋት ሰዓት ልጇን ይዛ ቤተ መጻሕፍት ሄደች።

እኛም ወንበር ስበን ከማሽኗ ፊት ተቀምጠናል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ እዚያ የተቀመጠችው ስታጥብ የኖረችው ናት።

ከልብስ አጣቢ ፊት ቆሞ ሌላ ነገር ያየ ኢትዮጵያዊ ወንድም አለ፤ ለማኅበራችን ግን አርአያ አይሆንም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ የበሽታው ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኘ። ከዚያ ተነሥቶ የእንዶድን ነገር ለዓለም አሳወቀ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበለ። ከእኛ ጋር ማንጎው ሥር ቢቀመጥ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር። «ዶክተር፣ እሱን ተወውና እስቲ ይቺን ፒንሳ ያዝልኝ» እንለው ነበር።

እንግዲህ እድሳቱ ተጠናቀቀ። ግንቦት ማለቂያ ነው፣ ዝናቡ ጀምሯል፣ የአሶሳ ቀይ አፈር የሕፃናቱን ዩኒፎርም እስከ ጉልበት ቀብቶታል፤ የልብሱ ክምር በርሜሉን አክሏል። እኛ ማሽኗን በረንዳ ላይ አውጥተን ሰካናት። ወዳጄ ታይመሯን እንደ ሬዲዮ ቁልፍ በሁለት ጣቱ ጠመዘዘ። ዝም። ከዚያ ጉምምም አለች፤ ሳህኑ ዞረ፣ ቆመ፣ ወደ ሌላው ዞረ። ባዶዋን። አጨበጨብን። እውነቱን ልናገር፣ ውብ ድምፅ ነው።

ሴትየዋ እጇ ላይ ያለውን አረፋ በቀሚሷ ጠርጋ ቀረብ አለች። ጎንበስ ብላ ሁለቱን ገንዳዎች በየተራ አየች። የማፍሰሻውን ጎማ በጣቷ ነካ አደረገች። ሁለት ዓመት ከፈጀው ጥናታችን ይልቅ የእሷ ግማሽ ደቂቃ ነገሩን ጨረሰው።

«ጋሼ፣ ይቺ በባልዲም ትሠራለች አይደል?»

«አዎ፣ እሱማ ትሠራለች።»

«እንግዲያው ብርድ ልብሶቹን ላምጣቸዋ፤ እሱ ነው ክንዴን የሚገድለኝ።»

ወዳጄ ደነገጠ። ሕፃን ልጁን ለጅብ ልስጠው ያለችው ይመስል ሁለት እጁን በክዳኗ ላይ ዘረጋ። «አንቺ ደግሞ! ቀለሙ ገና አልጠነከረም። ውስጧ ብረት ነው፣ ይዝጋል። ውሃ እንዳይነካት!»

ሴትየዋ ማሽኗን አየች፣ ጋሼን አየች፣ ምንም ሳትል ወደ ሳፋዋ ተመለሰች። እኛም ነገሩን በምክክር ዘጋነው፤ ማሽኗ ሳሎን ገባች፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን። አቧራ እንዳያገኛት ባለቤቱ በእጇ የሠራችው ነጭ ዳንቴል ለበሰች፤ በላዩም የፕላስቲክ አበባ ተቀመጠ። እንግዳ ሲመጣ ዳንቴሉ ገለጥ ይደረጋል፣ ታይመሩ አንዴ ይዞራል፣ ጉምምም ትላለች፣ ትሸፈናለች። ቀጣዩ ሥራችን አንድ የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ ዘመኑን ገና አልተስማማንበትም።

ዳንቴሉ ነጭ ስለሆነ ቶሎ ይቆሽሻል። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ሴትየዋ ከማሽኗ ላይ ታነሣዋለች፣ በኦሞ ትዘፈዝፈዋለች፣ ክሩ እንዳይሳሳ በጣቶቿ ጫፍ ቀስ አድርጋ ታሸዋለች። ወዳጄ በመስኮት ብቅ ይልና «በረኪና እንዳታደርጊበት» ይላታል።