መግዛት ላማረው ጌመር የተሰጠ ምክር

ጌም በከፈቱ ቁጥር የኮምፒውተርዎ ማራገቢያ ጩኸቱ ጎረቤት የሚቀሰቅስ፣ ሩብ ሰዓት ቆይቶ ደግሞ ምስሉ የሚቆራረጥ፣ አጥቂው ኳሷን ከመታ በኋላ በረኛው ለመዝለል የሚያስብ ከሆነ፣ እርስዎ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ለመግዛት ከወሰኑ ሰንብተዋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። «ካርዱን ልቀይር ወይስ ማቀዝቀዣውን ላስተካክል?» እያሉ ሰው የሚያማክሩት «ይቀይሩ» የሚል እስኪገኝ ድረስ ብቻ ነው። እነሆ፣ ተገኝቷል። የቀረው ይህን የተከበረ ውሳኔ ከማስረጃ መጠበቅ ነው፤ እኔም የምመክርዎት ይህንኑ ነው።

ከሁሉ በፊት የኬዙን ጎን እንዳይፈቱ። ከፈቱት በማራገቢያው ክንፎችና በማቀዝቀዣው ስስ ብረቶች መካከል የተጋገረውን አቧራ ያያሉ። ያየ ሰው ማጽዳት ያምረዋል። ያጸዳ ሰው ጌሙ እንደ ድሮው ሲሮጥ ሊያይ ይችላል። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡን በምን አፉ ካርድ ያስገዛል? በተለይ አዲስ አበባ ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ በሚፈርስበትና በሚገነባበት በዚህ ዘመን፣ አቧራ አጣሁ የሚል ኬዝ ያለ አይመስለኝም። በዚያ ላይ ቡና በተፈላ ቁጥር ዕጣኑ አለ፤ ጭሱ አቧራውን ከክንፉ ጋር አጣብቆ ያስቀምጥልዎታል።

እናት ባለችበት ቤት ደግሞ ሌላ ሥጋት አለ። በኬዙ አናት ላይ በጥንቃቄ የተዘረጋ ዳንቴል፣ በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ይኖራል። ብዙ ኬዞች ትኩሱን አየር የሚያስወጡት በአናታቸው በኩል ነው። ዳንቴሉን ማንሳት አምስት ሳንቲም አያስወጣም፤ አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው። (ማን አንስቶት ከማን ጋር እንደሚጣላ የየቤቱ ጉዳይ ስለሆነ አልገባበትም።)

የለም፣ አጸዳለሁ ብለው ከጸኑ እንኳ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ይንቀሉ፤ በብሎወር ሲነፉም ማራገቢያውን በጣትዎ ይያዙት። ያለ ልክ ከዞረ ኩሽኔታው ይጎዳል። ጥፋቱ እውነተኛ ስለሚሆን ለመግዣ ምክንያት ያገለግላል ብለው እንዳያስቡ፤ የሚገዛልዎት ማራገቢያ ብቻ ነው።

የሚቀጥለው አደጋ ልኬት ነው። ኤምኤስአይ አፍተርበርነርና ኤችደብልዩኢንፎ የሚባሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሁለቱም በነጻ ይወርዳሉ። ጌሙን ለግማሽ ሰዓት እየተጫወቱ የካርዱንና የፕሮሰሰሩን ሙቀት፣ የሚሠሩበትን ፍጥነት፣ ምን ያህል እንደተጠመዱም በመቶኛ ይመዘግባሉ። ሙቀቱ ወጥቶ ወጥቶ አንድ ቦታ ሲቆም፣ ፍጥነቱ ደግሞ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ሲያሽቆለቁል ካዩ፣ ካርድዎ አላረጀም፤ ታፍኗል። መጀመሪያ ላይ ደህና ሮጦ እየቆየ የሚለግም ኮምፒውተር በአብዛኛው እንዲህ ያለ ነው። ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ የሚጎተት ከሆነ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። ይህን ሁሉ ለክቶ «አልገባኝም» ማለት ስለሚከብድ፣ ጨርሶ አለመለካት ይሻላል።

ልግመቱ ራሱ የሚደነቅ ነገር ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ቶምስ ሃርድዌር የተባለው ድረ ገጽ ኮምፒውተሮቹ ጌም እያጫወቱ ሳለ የፕሮሰሰሮቹን ማቀዝቀዣ ከላያቸው ላይ አንስቶ በቪዲዮ አሳይቶ ነበር። የኤኤምዲው አትሎን ጨሶ ተቃጠለ፤ የኢንቴሉ ፔንቲየም 4 ግን ፍጥነቱን ቀንሶ እየተንቀረፈፈ ጨዋታውን ቀጠለ። ዛሬ ሁሉም የፔንቲየሙን ጠባይ ወርሰዋል። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ራሳቸውን መግታት የሚጀምሩት ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጉ ነው። ኤኤምዲ በ2022 እ.ኤ.አ. ካወጣቸው የራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች መካከል ትልልቆቹ ደግሞ ሥራ ሲበዛባቸው 95 ዲግሪ ላይ እንዲቆዩ ታስበው የተሠሩ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነውና «ይህ ኮምፒውተር ውኃ ከሚፈላበት በላይ ይግላል» ብለው ለቤተሰብ ቢያመለክቱ አልዋሹም። ፋብሪካው እንዲያ ብሎ እንደሠራው መናገር የእርስዎ ግዴታ አይደለም።

ስለ ከፍታችን ካነሳን አይቀር፣ ለክርክር የሚያገለግል እውነት ልጨምርልዎት። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ ላይ አየሩ በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው አየር ያንሳል። ስለዚህ የውጭ አገር ዩቲዩበሮች «ይህ ማቀዝቀዣ ይበቃል» ሲሉ እኛን አስበው አይደለም። የአዲስ አበባ ብርድ ይህን ጉድለት በጥቂቱ እንደሚክስ፣ ድሬዳዋ ያለው ጌመር ደግሞ ዝቅ ብሎ ወፍራም አየር ቢያገኝም ከነሙቀቱ መሆኑን ካልተጠየቁ አይናገሩ።

ጥገና ቤት መሄድ ግን ይችላሉ፤ ምንም የሚያሰጋ ነገር የለም። ባለሙያው ማራገቢያው ሲጮኽ እየሰማ፣ ኬዙ እጁን እየፈጀው፣ «ፎርማት ይደረግ» ይላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫናል፣ የተጫወቱበት ሁሉ ከመጀመሪያ ይጀመራል፣ አቧራው ከነክብሩ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ «ያልሞከርኩት ነገር የለም» ማለት ይችላሉ። ባለሙያው በአጋጣሚ ጨዋ ሆኖ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ተርማል ፔስት ደርቋል፣ ልቀይረው ካለዎት ግን ኮምፒውተርዎን ይዘው ይውጡ። የፔስቱ ዋጋ ከካርዱ ጋር ሲተያይ የሚያሳፍር ነው።

በተለይ ሁለት ነገሮችን ማንም ሰው ጆሮዎ ውስጥ እንዳያስገባ ይጠንቀቁ። አንደኛው የፍሬም ገደብ ነው። ሞኒተርዎ በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ የሚታደስ ሆኖ ካርዱ 140 ፍሬም የሚሥል ከሆነ፣ አብዛኛው ድካሙ ክፍሉን ከማሞቅ ያለፈ ትርፍ የለውም። 60 ላይ ቢገድቡት ሙቀቱ ይወርዳል፣ ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ሰበብዎም አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛው የቮልቴጅ ቅነሳ ነው። ቺፕ የሚበላው ኃይል ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ፣ በዚያው ፍጥነት እየሠራ ቮልቴጁ 10 በመቶ ቢቀነስ ፍጆታው በ19 በመቶ ገደማ ይወርዳል። እያንዳንዱ ቺፕ የሚታገሰው መጠን ስለሚለያይ ቀስ በቀስ እየቀነሱ መሞከር ያስፈልጋል። ጊዜ ይወስዳል፤ ካርድ መግዛት ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።

እሺ፣ ካርዱ ተገዛ እንበል። ኤንቪዲያ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጂቲኤክስ 1060 የሚወስደው ኃይል 120 ዋት ነበር። በ2025 እ.ኤ.አ. የመጣው አርቲኤክስ 5090 ደግሞ 575 ዋት ነው። ካርድ የሚበላው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ የሚወጣውም ያንኑ አቧራ፣ ያንኑ ዳንቴል፣ ያችኑ ከኋላ ያለች አንድ ማራገቢያ አልፎ ነው። ስለዚህ አዲሱ ካርድ ከአሮጌው የወረሰው ኬዝ ውስጥ ገብቶ በሳምንቱ መለገም ቢጀምር አይደንግጡ። ይህ ማለት ከዚያም የሚበልጥ ካርድ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ላፕቶፕ ላይ የሚጫወቱ ከሆነ የእኔ ምክር አይደርስዎትም። ግራፊክሱ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ በአብዛኛው ሊቀየር የሚችለው ራሙና ኤስኤስዲው ነው። አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጠው የሚጫወቱ ከሆነም፣ የታችኛውን ቀዳዳ የደፈነው ማን እንደሆነ ብርድ ልብሱን አይጠይቁት።

አሁን ድምፄን ዝቅ አድርጌ የምናገረው አለኝ፤ ንጹሕ ሕሊና ያላቸው ጥቂት ጌመሮችም ስላሉ ነው። አጽድተው፣ ለክተው፣ ካርዱ 70 ዲግሪ ላይ ተረጋግቶ፣ ፍጥነቱ ሳይወርድ፣ 99 በመቶ ተጠምዶ ሳለ ጌሙ በሰከንድ 25 ፍሬም ብቻ ከሰጠ፣ ካርዱ አቅሙ ይኸው ነው። ለማረጋገጥ የጌሙን ሬዞሉሽን ዝቅ ያድርጉ። ፍሬሙ ከጨመረ ካርዱ ነው የደከመው። ካልጨመረ ግን ጣጣው ፕሮሰሰሩ ወይም ራሙ ዘንድ ሊሆን ይችላል፤ አዲሱ ካርድ ቢመጣም ሥራ ፈትቶ ይጠብቃቸዋል። ራሙ በአንድ ዱላ ብቻ የተሰካ ከሆነ፣ ከእሱ ጋር የሚመሳሰል ሁለተኛ መጨመር ብዙ ጊዜ ከሚጠበቀው በላይ ይረዳል፤ ዋጋውም ከካርድ ጋር አይወዳደርም።

ለእነዚህ ንጹሐን እንኳ መንገዱ ቀና አይደለም። የካርድ ዋጋ መነሻው በዶላር ነው፤ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የዶላር ነገር የታወቀ ነው። ስለዚህ ቨርጂኒያ ያለው የአጎት ልጅ ትዝ ይላል። በዓልን ምክንያት አድርገው ይደውሉለት፤ መጀመሪያ ስለ ልጆቹ ይጠይቁ፤ ሻንጣ ውስጥ ቦታ እንዳለው በመጨረሻ ያንሱ። ከመደወልዎ በፊት ግን የፓወር ሰፕላይዎን ዋት ከጎኑ ላይ ያንብቡ፤ 450 ዋት የሚለውን ለ450 ዋት ካርድ ብቻውን አይመድቡለትም። ሜትር ይዘውም ኬዙን ይለኩ። አርቲኤክስ 4090 በኤንቪዲያ የራሱ ሞዴል 304 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ የሌሎች አምራቾች ከዚያም የሚበልጥ አላቸው። ለመለካት ኬዙን መክፈት የግድ ነው፤ በዚያን ጊዜ አቧራውን እንዳላዩ ይሁኑ።