ጩኸት፣ ማስክ እና አይጥ፦ በመዝናኛ ፓርኮች የአፍ መሸፈኛ አዋጭነት ላይ የቀረበ ጥናት

የመዝናኛ ፓርክ ማለት ጤነኛ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ሰልፍ የሚቆምበት፣ ተራው ሲደርስ ወንበር ላይ ታስሮ የሚጮኽበት፣ ከዚያ ወርዶ ሌላ ሰልፍ የሚይዝበት የታጠረ ግቢ ነው። ማስክ ደግሞ አፍና አፍንጫን የሚሸፍን፣ በላስቲክ ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል ጨርቅ ነው። ሁለቱም ለየብቻቸው በቂ ምሁር አግኝተዋል። ሁለቱ የተገናኙበት የኮሮና ዘመን ግን፣ ማለትም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2020 አጋማሽ እስከ 2022 መጀመሪያ ያለው፣ ዞር ብሎ የሚያየው አላገኘም። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ክፍተቱን ለመሙላት ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ሲጮኹ ለመዋል በተሠራ ቦታ አፍን ሸፍኖ መዋል ያዋጣል ወይ?

ጥናቱ የተመሠረተው ፓርኮቹ በይፋ ባወጧቸው ደንቦች፣ በፊዚክስ እና ዘመድ ከውጭ በሚልካቸው ፎቶዎች ላይ ነው። ከሦስቱ የማይታመነው ፎቶው እንደሆነ ወደ ኋላ ይታያል።

የዘርፉ ፈር ቀዳጆች ጃፓኖች ናቸው። በሜይ 2020 የአገሪቱ የመዝናኛ ፓርክ ማኅበራት ዳግም ለመክፈት ባወጡት መመሪያ ጎብኚው ማስክ እንዲያደርግ ብቻ ሳይሆን፣ ሮለር ኮስተር ላይ ሲወጣ ከመጮኽ እንዲቆጠብም ጠየቁ። የሚያስቅ ነገር የለውም። ከዓመት በፊት፣ በ2019፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሰው ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ከአፉ የሚወጡት ረቂቅ ብናኞች እንደሚበዙ ለክተው አሳይተው ነበር፤ ዝግ ብሎ ሲናገር በሰከንድ 1 ገደማ፣ ድምፁን ሲያጎላ እስከ 50። ቁልቁል የሚወረወር አንድ ሙሉ ባቡር ሰው ምን ያህል እንደሚረጭ አንባቢ ራሱ ያስላው።

ይሁንና ደንቡን ማንበብ ሌላ፣ ከገደል አፋፍ ዝም ብሎ መውረድ ሌላ ነው። ሰዉ «ይኼማ አይሆንም» እያለ ሲያማርር፣ በፉጂ ተራራ ግርጌ ያለው ፉጂ-ኪው ሃይላንድ ፓርክ ሁለት ሹሞቹን ማስክ አስደርጎ ፉጂያማ የተባለው ሮለር ኮስተሩ ላይ አሳፈረና በቪዲዮ ቀረጻቸው። ፉጂያማ በ1996 ሲከፈት በዓለም ረጅሙ ነበር፤ 79 ሜትር ከፍታ አለው፣ በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ይምዘገዘጋል። ሁለቱ ሹሞች ሲወጡም፣ ሲወረወሩም፣ ሲጠማዘዙም ፊታቸው የሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ፊት ነው። የሚሰማው የነፋስና የብረት ድምፅ ብቻ ነው። መጨረሻው ላይ አንድ መልእክት ይመጣል፦ እባክዎ በልብዎ ውስጥ ይጩኹ።

ዓለም በዚህ ተደነቀ። እኛ ዘንድ ግን እንደ አዲስ ግኝት ሊመዘገብ አይችልም። በልብ መጮኽ በየቢሮው ደጅ፣ በየባንኩ መስኮት፣ በየአማቱ ቤት ያለ ትኬት ሲሰጥ የኖረ አገልግሎት ነው። ጃፓኖች የጨመሩበት ነገር ቢኖር ከፍታውን ነው።

ወደ ፊዚክሱ እንለፍ። በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ነፋስ፣ 17 በ9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ተራ የሕክምና ማስክ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ከአንድ ኪሎ ስኳር ክብደት ይበልጣል። ጎብኚው ፊት ለፊት እስካየ ድረስ ይህ ሁሉ ኪሎ አፉ ላይ ተለጥፎ ይሄዳል፤ ማስኩ ከተሠራ ጀምሮ እንደዚያ ገጥሞ አያውቅም። ጣጣው የሚመጣው አብሮት የተሳፈረው ሰው በሕይወት መኖሩን ለማረጋገጥ አንገቱን የጠመዘዘ ዕለት ነው። ነፋሱ በጉንጩ በኩል ሾልኮ ከውስጥ ይገባል፣ አንደኛው ጆሮ ይለቃል፣ ማስኩ ለጥቂት ጊዜ ይውለበለብና የሌላ ሰው ንብረት ይሆናል። ከኋላ የተቀመጠው ሰው በእንዲህ ያለ አጋጣሚ ሁለት ማስክ ሊኖረው እንደሚችል የታሰበበት መመሪያ አልተገኘም።

ማስክ አያዋጣም የሚሉ ሰዎች ክርክራቸውን የሚያቆሙት እዚህ ላይ ነው። በጣም ቸኩለዋል። የፉጂያማ ጉዞ ተጀምሮ እስኪያልቅ አራት ደቂቃ አይሞላም። ሰልፉ ግን፣ ቀኑ የሰው ቀን ከሆነ፣ ከሰዓት በላይ ይወስዳል። በንጹሕ ስሌት ካየነው የመዝናኛ ፓርክ መደበኛ ሥራው ሰው ማሰለፍ ነው፤ ባቡሩ ሰልፉን ለማሳረግ የሚነዳ ነው። ሰልፍ ላይ ደግሞ ማስክ ያለ ጥርጥር ያዋጣል። መንገዱ እየተጠማዘዘ በጣሪያ ሥር ያልፋል፣ ከኋላ የቆመው ሰው ትንፋሽ ማጅራት ላይ ነው፣ ማስኩም ከበሽታው በተጨማሪ ሰውዬው ቁርሱን ምን እንደበላ ከማወቅ ያድናል። መነጽር ያደረገ ሰው ይደበዝዝበታል ይባላል። እውነት ነው፤ ሰልፉ ምን ያህል እንደቀረውም አያይም፤ ይህን ከጥቅሙ ጎን የመዘገብነው ለዚህ ነው።

ጥናቱ ወደ ፍሎሪዳ ሲሻገር ጉዳዩ ከትንፋሽ ወደ መንግሥት አስተዳደር ይዞራል። ከማርች አጋማሽ ጀምሮ ተዘግቶ የነበረው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ጁላይ 11 ቀን 2020 በሩን ከፈተ። በዚያ ወር የኦርላንዶ ቀትር 33 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ወበቁ ደግሞ ማስክ ሳይደረግም የሰው ማስክ ያደረጉ ያስመስላል። ፍሎሪዳ እንደ ግዛት ሕዝቡን ማስክ ያስገደደችበት ቀን የለም። ኦርላንዶ ያለችበት አውራጃ አዝዞ ነበር፤ የአውራጃ ትእዛዝ ግን የትም አገር የአውራጃ ትእዛዝ ነው። ዲዝኒ ግን ሁለት ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ ማስክ ያድርግ አለ። ሰዉም አደረገ። የግዛቱ ገዥ ያላዘዙትን የዲዝኒ መለያ የሆነው አይጥ አዘዘ፣ ተፈጸመም።

ይህ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁራንን ሊያሳስብ ይገባ ነበር። በዚያው ወራት አዲስ አበባ የነበረ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። ታክሲ ውስጥ የማስክ መደበኛ አድራሻ አገጭ ነበር። ወያላው አደባባዩ ጋ ትራፊክ ባየ ጊዜ «ማስክ! ማስክ!» ይላል፤ ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ ጊዜ ከአገጭ ወደ አፍንጫ ያነሣል፤ አደባባዩ ሲታለፍ ወደ ቦታው ይመልሳል። ከፊት የተቀመጡት አዛውንት ብቻ እስከ መጨረሻው ሸፍነው ይሄዳሉ፣ እሳቸውም እንቅልፍ ስለወሰዳቸው ነው። አይጡ ግን ትራፊክ አይደለም፣ አይታለፍም፤ ከበር እስከ በር ያለው እሱ ነው። ከሁሉም በላይ የመንግሥት ቅጣት የሚከፈለው ከጥፋት በኋላ ሲሆን፣ የፓርኩ ቅጣት ግን ገና በር ላይ በትኬት መልክ ከ100 ዶላር በላይ ተከፍሎ ያድራል። ሰው የከፈለበትን ቅጣት በከንቱ አያባክንም።

ከዋሽንግተን አካባቢ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ ኦርላንዶ የሚወርድ የሐበሻ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለው ቤተሰብ እናትን ይዞ ከሄደ አንድ የቴክኒክ ጥያቄ ይነሣል። የዲዝኒ ደንብ ማስኩ ቢያንስ ሁለት ድርብ እንዲሆን፣ አፍና አፍንጫን ሙሉ በሙሉ እንዲሸፍን፣ ከአገጭ በታች እንዲይዝ፣ ጆሮ ላይ እንዲንጠለጠል ወይም እንዲታሰር፣ እጅንም ነጻ እንዲተው ይጠይቅ ነበር። ነጠላ ሁለት ድርብ ነውና የመጀመሪያውን መስፈርት ያልፋል። ጋቢ በአራት ድርቡ አልፎ ይተርፋል። አፍና አፍንጫ በመሸፈን ረገድ እናቶቻችን ብርዱን፣ ምቹንና ወሬኛውን ሲከላከሉበት ስለኖሩ ልምዳቸው ከፓርኩ ዕድሜ ይበልጣል። የሚወድቁት በጆሮ ነው።

«እማዬ፣ ነጠላው አይሆንም አሉ።»

«ማን አለ?»

«ፓርኩ።»

«ይኼ ሁሉ ሰው በቁምጣ እየገባ፣ የእኔ ነጠላ ነው የከበዳቸው?»

እንዲህ ያለ ንግግር ቢነሣ ጥናቱ ሳይንሳዊ ገለልተኝነቱን ትቶ ከእናት ጋር ይወግናል።

አፍን የሚመለከት ጥናት ምግብን ዘሎ አያልፍም። ደንቡ ሲወጣ የሚበላ ሰው ማስኩን ማውለቅ ይችል ነበር። ሕግ ካለ ጠበቃ አይጠፋም። ፋንዲሻ የያዘ ሰው በሕግ ፊት እየበላ ያለ ሰው መሆኑን ጎብኚዎች ለመረዳት ብዙም አልፈጀባቸው፤ አንድ ባልዲ ፋንዲሻ ደግሞ በቁጠባ ከተያዘ ከጠዋት እስከ ርችቱ ያደርሳል። ፓርኩ ነቃ። እዚያው ጁላይ ውስጥ፣ የሚበላም የሚጠጣም ሰው አንድ ቦታ ቆሞ፣ ከሌላው ተራርቆ ይብላ ይጠጣ የሚል ማሻሻያ አወጣ። እየሄዱ መብላት ነውር ነው ብለው ሲቆጡን ላሳደጉን አያቶቻችን ይህ ዘግይቶ የመጣ ድል ነው። ማሻሻያው ግን ቆሎን ያሰበበት አይመስልም። አንድ ፍሬ ቆሎ ለማስገባት ማስኩን ማንሣት ከተፈቀደ፣ አንድ ጭብጥ ቆሎ ስንት ጊዜ እንደሚያስነሣ የሚያውቀው የበላው ነው።

ጎረቤቱ ዩኒቨርሳል በበኩሉ ማስክ አውልቀው የሚተነፍሱባቸው ቦታዎች ከልሎ ምልክት ተከለባቸው። ለመዝናናት ብሎ ደመወዙን አስይዞ የገባ ሰው፣ ግቢው ውስጥ ከመዝናናቱ አረፍ የሚልበት ጥግ ተሰጠው ማለት ነው። ውሃው ላይ ብዙ አንቆይም፦ በዚሁ ድርጅት የውሃ ፓርክ ማስክ መንሸራተቻው ላይ ክልክል ነበር፣ የራሰ ጨርቅ አያስተነፍስምና። በሩ ላይ ስላላደረግክ የሚመልስህ ግቢ፣ ጥቂት ሄድ ብለህ ስላደረግክ ይመልስሃል።

አሁን ወደ ፎቶው። ፓርኮች ሰው በጣም በሚደነግጥበት ቅጽበት ፎቶ ያነሡና ድንጋጤውን መልሰው ይሸጡለታል። ዲዝኒ በዚያ ዘመን ማስኩን ያወለቀ ሰው ያለበትን ፎቶ አልሰጥም አለ። ከዚያም በዲሴምበር 2020 ጥቂት ደንበኞች ፎቷቸውን ሲቀበሉ፣ ያላደረጉት ማስክ ፊታቸው ላይ በኮምፒውተር ተስሎ አገኙት። ኩባንያው ሙከራ መሆኑን አምኖ አቆመው። በእኔ ግምት ያለ ጊዜው የተቋረጠ ትልቅ ሥራ ነው። ይህኛውን ማስክ ነፋስ አይነቅለውም፣ ውሃ አያርሰውም፣ መነጽር አያደበዝዝም፣ የሁለት ዓመት ሕፃን ላስቲኩን አያኝከውም፣ ነጠላ ለለበሰችም ጆሮ ሳይጠይቅ ይሳልላታል። ከተፈተሹት የማስክ ዓይነቶች ሁሉ አዋጩ እሱ ሆኖ ተገኝቷል። በሽታን አለመከላከሉ ብቻ ነው ጉድለቱ።

ዋናው ግኝት የመጣው ደንቦቹን ወደ ኋላ ስንገልጥ ነው። ከወረርሽኙ በፊት የዲዝኒ ፓርኮች ደንብ 14 ዓመት የሞላው ጎብኚ ጭምብል አድርጎ እንዳይገባ ይከለክል ነበር። በፌብሩዋሪ 2020 ፊቱን በጭምብል ሸፍኖ የመጣ ጎልማሳ ይመለሳል፤ በጁላይ ሳይሸፍን የመጣው ይመለሳል። የቀድሞው ክልከላ ምክንያት ነበረው፤ ጭምብሉ ባለቤት ስላለው ነው። ዲዝኒላንድ በካሊፎርኒያ ጁላይ 17 ቀን 1955 ከተከፈተ ጀምሮ አንድ ተቀጣሪ የአይጥ ጭንቅላት አጥልቆ፣ ጓንት አድርጎ፣ በፀሐይ ላይ የሰው ልጅ ሲያቅፍ ይውላል። አፉ የተሸፈነ ብቻ አይደለም፣ መናገርም የሥራው ነውር ነው። በልብ መጮኽን ፉጂ-ኪው ከማሰቡ በፊት 65 ዓመት ሠርቶበታል።

ለዚህ ሠራተኛ «ሙቀቱን ቻልከው ወይ፣ ያስተነፍስሃል ወይ» ብሎ ሰልፍ ላይ የተሟገተ ጎብኚ አይታወቅም። ጎብኚው ያን ሁሉ ዘመን ፎቶ ሲነሣ ነበር። የጥቂት ግራም ጨርቅ የራሱ አፍ ላይ ያረፈ ዕለት ግን «ተግባራዊ ነውን?» የሚል የምርምር ጥያቄ ወለደ። ይህ ጥናት ያንኑ ጥያቄ ይዞ ተነሥቶ የደረሰበት ቦታ ይህ ነው፦ ማስክ በመዝናኛ ፓርክ ያዋጣል፣ ለሚከፈለው። ለሚከፍለው አያዋጣም።

ቀሪው ታሪክ አጭር ነው። በፍሎሪዳው ዲዝኒ በሜይ 2021 ከቤት ውጭ ማስክ ማውለቅ ተፈቀደ፣ በጁን ለተከተቡት በውስጥም ተፈቀደ፣ በጁላይ መጨረሻ ለውስጥ ተመለሰ፣ በፌብሩዋሪ 2022 ለተከተቡት ቀረ። እስከዚያ አይጡ ከሩቅ እጁን ሲያወዛውዝ ከርሞ፣ በኤፕሪል 2022 እንደገና መታቀፍ ጀመረ። ሰዉ ማስኩን አውልቆ፣ ማስኩን ያላወለቀውን ለማቀፍ ተሰለፈ።

የጥናቱ ሁለተኛ ክፍል ከጭንቅላቱ ውስጥ ላለው ሰው ቃለ መጠይቅ በማቅረብ ይጀምራል። የሥራ ደንቡ መልስ እንዲሰጥ ስለማይፈቅድለት፣ በመነቅነቅና በማቀፍ ብቻ የሚሞላ ቅጽ በዝግጅት ላይ ነው።