የሟች ኦራል 375 አጭር የሕይወት ታሪክ

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ ሾፌሮች፣ ረዳቶች፣ ጎሚስታዎች፣ እንዲሁም ሬሳውን በኪሎ ለመግዛት ሚዛን ይዛችሁ በጠዋት የተገኛችሁ ቁራሌዎች፤ የሟችን አጭር የሕይወት ታሪክ በንባብ አሰማለሁ። እስክጨርስ ድረስ ሚዛኑን ወደ ጎን አድርጉልኝ፤ ነውር ነው።

ሟች ኦራል 375 በኡራል ተራሮች አካባቢ በምትገኘው በሚያስ ከተማ ካለው የከባድ መኪና ፋብሪካ ተወለደ። ፋብሪካዋም የስደት ልጅ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1941 የሂትለር ጦር ሞስኮ ደጃፍ ሲደርስ፣ ማሽኖቻቸው ተነቃቅለው ወደ ምሥራቅ ከሸሹት ፋብሪካዎች የተገኘች ነች። የ375 ዘር እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ይመረት ነበር። ሟች ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስ ወታደር ቤት ገባ። ስድስቱም ጎማው ይጎትታል፤ ሆዱ ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ነው፤ ሞተሩ 8 ሲሊንደርና 180 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በሙት አይፈረድም እንጂ መጠጥ ይወድ ነበር፤ 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 50 ሊትር ያህል ቤንዚን ይጨልጣል።

ወገኖቹ በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ወቅት ከሶቪየት ኅብረት ወደ አገራችን ገቡ። የቢ.ኤም. 21 ሮኬት ማስወንጨፊያ በጀርባቸው አዝለው ኦጋዴን የዘመቱ አሉ። የእኛ ሟች ግን ምን እንደሠራ አናውቅም፤ እንደ ብዙ የድሮ ወታደር ስለ ጦር ሜዳው አንድም ቀን አውርቶን አያውቅም። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን እሱም ሲቪል ሆነ። ሰማያዊ ቀለም ቀቡት፣ ታርጋው ኮድ 3 ሆነ፤ ቀለሙ በተላጠ ቁጥር ግን ከሥር ያው የድሮው አረንጓዴ ብቅ ይላል። ከሁለትና ሦስት እጅ በኋላ ደብረ ብርሃን ላይ እንጨት የሚነግዱ እትዬ ገዙት። እኔም በ1980ዎቹ መጨረሻ ረዳቱ ሆንኩ።

ከእኔ በፊት የተናገሩት ሁሉ ስለ ጉልበቱ ተናግረዋል። አንዱ በክረምት ጭቃ የዋጠውን አውቶቡስ ከነተሳፋሪው መዞ ማውጣቱን አነሡ። ሌላው 5 ቶን ለተፈቀደለት ጀርባ 10 ቶን ግንድ ጭነንበት ምንም አለማለቱን። እውነት ነው፣ ምንም አላለም። መኪና ዳገት ላይ አልችልም ሲል ሁሉም ሰው ይሰማዋል፤ ቁልቁለት ላይ አልችልም ሲል ግን የሚሰማው ሾፌሩና ረዳቱ ብቻ ናቸው፣ ያውም ዘግይተው። እስካሁን እዚህ ድንኳን ውስጥ ስለ ፍሬኑ አንድ ቃል የተነፈሰ ሰው የለም። እኔ እናገራለሁ።

የሟች ፍሬን ሁለት ሎሌ እንዳለው ጌታ ነበር። ኮምፕሬሰሩ አየር ወደ ታንክ ይሞላል፤ ሾፌሩ ሲረግጥ አየሩ የፍሬን ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱ ሸራውን ከታምቡሩ ጋር ያጣብቃል። ከሁለቱ ሎሌዎች አንዱ ከቀረ ጌታው ጾሙን ያድራል። አየር ቢያፈስ የለም፣ ዘይት ቢያፈስም የለም። ይባስ ብሎ ያው አንድ ኮምፕሬሰር ጎማም ይነፋል፤ ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ እንደተቀመጠ የጎማውን አየር መቀነስና መጨመር ይችል ነበርና። በረሃ ላይ ይህ ትልቅ ጥበብ ነው። ከሃያ ዓመት አገልግሎት በኋላ ግን የእያንዳንዱ ጎማ ማሸጊያ ላስቲክ ሲያረጅ፣ አየሩ ስድስት የማይጠግቡ ልጆች ያሉበት ቤት እንጀራ ሆነ። የእጅ ፍሬኑስ? እሱ ጎማዎቹን አይነካም፤ ከማከፋፈያው ካምቢዮ በሚወጣው ዘንግ ላይ የተቀመጠ አንድ ታምቡር ነው። የቆመ መኪና ይይዛል። የሚሮጥ መኪና ሲይዝ ይቃጠላል።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስቀኝ ነበር። ሟች ሩሲያዊ ነው፤ ሕመሙ ግን በሙሉ በጣሊያንኛ ነው የሚጠራው። ፍሪሲዮኑ አለቀ፣ ካምቢዮው ጮኸ፣ ባሌስትራው ተሰበረ፣ ኩሽኔታው ዞረ። ይህን ቋንቋ ለጋራዦቻችን ያወረሱት በ1928 ዓ.ም. የመጡት ጣሊያኖችና እነ ትሬንታ ኳትሮ የተባሉት መኪኖቻቸው ናቸው፤ እነሱም በጊዜያቸው የጦር መኪና ነበሩ፣ እነሱም በኋላ እህልና እንጨት ጎትተው ሞቱ። ሐኪሙ ሶማሌ ተራ፣ በሽታው ሮማ፣ በሽተኛው ሚያስ። እንዴት ይዳን?

በየጠዋቱ ጋሼ (ሾፌራችንን ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንላቸው) ሞተር ከማስነሣታቸው በፊት «ውሃውን» ይሉኛል። ከታንኩ ሥር በጀርባዬ እንሸራተታለሁ። አየር ሲታመቅ ይግላል፣ ታንክ ውስጥ ሲበርድ የያዘውን እርጥበት ይጥላል፤ ይህ ውሃ ከኮምፕሬሰሩ ከሚያመልጠው ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ከታች ይተኛል። ትንሿን ቧንቧ ስስባት «ጭስስስ» ትልና ማኪያቶ የመሰለ ነገር ክንዴ ላይ ትተፋለች፤ እጅጌዬ ውስጥ ገብቶ ብብቴ ድረስ ይሄዳል። የደብረ ብርሃን የኅዳር ጠዋት ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። ከዚያ ጋሼ አየር ሞልተው ሞተሩን ያጠፋሉ፣ ፍሬን ረግጠው ይይዛሉ፤ እኔ በጣሳ የተበጠበጠ ሳሙና ይዤ መገጣጠሚያዎቹን እቀባለሁ። አረፋ የሠራበት ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። ጋሼ በዚህ ጊዜ ዓይናቸውን ከአየር መለኪያው ላይ አያነሡም። ቀስቷ ከወረደች ጉዞ የለም፤ እትዬ ቢቆጡም የለም።

አንድ ጠዋት «ውሃውን» ሲሉኝ «አፍስሻለሁ ጋሼ» አልኩ። አላፈሰስኩም። አራት ቀን ሆኖኝ ነበር። ብርድ ነበር፣ ልጅ ነበርኩ፣ እጅጌዬ ገና አልደረቀም ነበር። ከእነዚህ ምክንያቶች የመጨረሻውን ብቻ ዛሬም እከራከርበታለሁ።

አጣናና ግንድ ጭነን ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድን። ከጣርማ በር ዋሻ እስከ ሸዋ ሮቢት ቁልቁለቱ ከ1,500 ሜትር በላይ ነው። 15 ቶን የሚመዝን መኪና ያን ያህል ሲወርድ ሦስት በርሜል ውሃ ማፍላት የሚችል ሙቀት ያመነጫል፤ ሞተሩ በከባድ ማርሽ ካልያዘው በቀር ሙቀቱ የሚገባው ታምቡሩ ውስጥ ነው። ጋሼ ይህን በቁጥር ባያውቁትም በአፍንጫቸው ያውቁታል። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ፣ ያደርጉታልም። ያላወቁት ታንኩ ውስጥ በአየር ፋንታ የእኔ ውሃ መተኛቱን ነው። ግማሹ ውሃ የሆነ ታንክ የሚያጠራቅመው አየር ግማሽ ነው፤ መለኪያው ግን ይህን አይናገርም፣ ሙሉ ነኝ ይላል። ከደብረ ሲና በላይ አንድ ኩርባ ላይ ሁለት ጊዜ ረገጡ፣ ሦስተኛ ሲረግጡ ቀስቷ ተንሸራታ ወረደች። ጋሼ ወደ እኔ አልዞሩም። በእጅ ፍሬኑ ላይ ተንጠለጠሉ፣ ማርሹን ወደ አንደኛ ገፉ፣ ካምቢዮው እንደ ታረደ በሬ ጮኸ።

«ታኮ!» አሉ።

ታኮው ከባሕር ዛፍ ጉማጅ የተሠራ፣ በገመድ የታሰረ፣ የሟች አራተኛው ፍሬን ነበር። ይዤው ዘለልኩ። የመጀመሪያው ጎማ ዘለለው። ሁለተኛው ጊዜ ጋሼ አፍንጫውን ወደ ጋራው በኩል አዙረው ከአፈሩ ጋር ሲያላትሙት፣ ከኋላው ጎማ ሥር ከተትኩት፤ ቆመ። ከሥሩ የተቃጠለ ሸራ ጭስ እየወጣ፣ አጣናው ግማሹ መንገድ ላይ ተበትኖ። ጋሼ ወርደው ከታንኩ ሥር ራሳቸው ገቡ፣ ቧንቧዋን ሳቡ። ውሃው ሲፈስ ቆሜ አየሁት። አላለቀም። ብዙ ፈሰሰ። ወጥተው ክንዳቸውን በሱሪያቸው ጠረጉና «ልጄ፣ ይኼ መኪና መጎተት እንጂ መቆም አያውቅም። መቆሙ የእኛ ሥራ ነው» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉኝም። ብመታ ይሻለኝ ነበር።

ሟች ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት ጎተተ። መጨረሻ ላይ የቤንዚኑ ዋጋ፣ የኮምፕሬሰሩ ቀለበትና ከየትም የማይገኘው የጎማ ላስቲክ ተባብረው ጣሉት። ወራሾቹ ሲኖዎቹ ናቸው፤ የፍሬኑ አየር ሲያልቅ በራሱ ጎማቸውን የሚነክስ ባለ ሞላ ፍሬን አላቸው፣ ስለዚህ ታኮ ይዞ የሚዘል ረዳት አያስፈልጋቸውም ይባላል። የሚያሽከረክሯቸው ወጣቶች ታንኩ ሥር ተኝተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ምቀኝነት ነው፤ እጅጌያቸው ደረቅ ነው።

ሟች የአንድ ካምቢዮ፣ የስድስት ጎማና የሁለት የአየር ታንክ አባት ነበር። ካምቢዮው ምናለሽ ተራ ገብቷል። ከታንኮቹ አንዱን አንድ ጎሚስታ ገዝቶ ጎማ ይነፋበታል። ባለፈው ሳምንት ጎማ ላስነፋ ሄጄ፣ ሳላስፈቅድ ጎንበስ ብዬ ከሥሩ ያለችውን ቧንቧ ሳብኳት። ከአንድ ጆግ በላይ ውሃ ወጣ።