«ዝም ብዬ እያየሁ ነው»

ኪስ ሲሳሳ ወደ መርካቶ ነው። መግቢያ አይከፈልም፤ አስጎብኚም አያስፈልግም፤ ሰዉ ራሱ እየገፋ ከአንዱ ተራ ወደ ሌላው ያደርስሃል። ከኋላህ «መንገድ! መንገድ!» ሲባል ግን ዞረህ ሳታይ ጥግ ያዝ፤ ጆንያ የተሸከመ ሰው ፍሬን የለውም።

በርበሬ ተራ በነጻ ታነጥሳለህ። ምናለሽ ተራ ቆመህ ትናንት ዘይት የነበረበት ቆርቆሮ በመዶሻ ሲቀጠቀጥ ታያለህ፤ ማን ያውቃል፣ ነገ የከሰል ምድጃ ሆኖ ቤትህ ይመጣል። ሙዚየም ውስጥ «አትንኩ» ይባላል፤ እዚህ ካልነካህ ባለሱቁ ይቀየምሃል።

ድራማም አለ። አንድ ጫማ አንስቼ ዋጋ ጠየቅሁ። «ለአንተ ነው ወንድሜ፣ 3 ሺህ» አለኝ፤ ከዚያ በፊት ተያይተን አናውቅም። «800!» አልኩት፣ የታክሲ ብቻ ይዤ። ሳቀ፣ ማለ፣ የልጆቹን ቁጥር ነገረኝ። መንገድ ስጀምር «ና እሺ! በ900 ውሰደው!» አለ። ነጻው መዝናኛ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው መሀል ገብቼ ጠፋሁ።

ገበያውን ከአራዳ ነቅሎ ወደዚህ ያመጣው ጣሊያን ነው፣ በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.)፣ ሐበሻን ከነጭ ለመለየት። ዛሬ ነጩ ካሜራውን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ለአስጎብኚ ከፍሎ፣ እኛን ሊያይ ይመጣል። እኔም ከኋላ ተጠግቼ አስጎብኚውን በነጻ አዳምጣለሁ።

ታክሲ ልሳፈር ስል ኪሴን ብዳብስ ባዶ ነው። ለካ እኔንም ዝም ብሎ ሲያየኝ የዋለ ሰው ነበር።